ስለ እንጉዳይ እርሻ ጠላት ስለ አረንጓዴው ሻጋታና ስለ ጠቃሚው ባክቴሪያ፤ ለሐይቅና ለአምባሰል ሹማምንት የቀረበ አሳብ

ክቡራን አስተዳዳሪዎች፤ በየወረዳውና በየቀበሌው የተሾማችሁ ሹማምንት፤ የመሬት ባለይዞታዎች፤

የእርሻ ነገር ሲነሣ አሳባችን ፈጥኖ የሚሄደው ወደ ሞፈሩና ወደ ቀንበሩ፤ ወደ ጤፉና ወደ ማሽላው ነው። ይህም የተገባ ነው፤ አገር የሚኖረው በእህል ነውና። ዳሩ ግን ሕዝቡ በበዛበት፤ ማሳውም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እየተከፈለ በጠበበበት በሐይቅና በአምባሰል አገር፤ መሬት ያልደረሰው ወጣት ምን ሠርቶ ይደር የሚለው ጥያቄ በየጽሕፈት ቤታችሁ ደጅ ዘወትር ቆሞ የሚጠብቅ ጥያቄ ነው። ለዚህ ጥያቄ ሙሉ መልስ ባይሆንም፤ ከመልሶቹ አንዱ ለመሆን የሚችል አንድ ትንሽ እርሻ አለ፤ እርሱም የእንጉዳይ እርሻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናመለክተው የእርሻውን ጥቅም ብቻ ሳይሆን፤ ገበሬውን ተስፋ የሚያስቈርጠውን ጠላቱንና ያንን ጠላት በብልሃት ለመከላከል የሚቻልበትን መንገድ ነው። ስለ ውጭ አገርና ስለ ጥናት ነገር የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የእንጉዳይ እርሻ በሬ አይሻም፤ ሰፊ ማሳ አይሻም፤ የክረምቱንም መግቢያ አይጠብቅም። የሚሻው ጥላና ነፋስ ያለው አንድ ክፍል ቤት፤ ንጹሕ ውኃ፤ ከመኸር የተረፈ ጭድ ወይም አገዳ፤ ንጹሕ ዘር፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትጋት ነው። በአገራችን ይልቁን የተለመደው ኦይስተር የሚባለው እንጉዳይ በስንዴና በጤፍ ጭድ፤ ተከትክቶ በተዘጋጀ የማሽላና የበቆሎ አገዳ፤ በቡና ገለባና በጥጥ ፍሬ ልጣጭ ላይ ይበቅላል። ለሰው ሆድ የማይሆነውን የገለባ አካል በቀጫጭን ነጫጭ ክሮቹ ፈትቶ ወደ ምግብነት ይለውጠዋል። ሥራው በተሳካ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ደረቅ ጭድ ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ የሚደርስ እርጥብ እንጉዳይ ይለቀማል። ጥበቡም ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ዳዊት አባተ በ1990ዎቹ ዓመታት ስለ ኦይስተር እንጉዳይ አመራረት ጥናት አድርገው በጽሑፍ አውጥተዋል፤ ከዚያም ወዲህ በልዩ ልዩ ከተሞች በጥቃቅን ማኅበራት የተደራጁ ወጣቶችና ሴቶች ሥራውን ይዘውታል።

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ወይና ደጋ ስለ ሆነ፤ አየሩ ለዚህ እንጉዳይ የሚስማማ ነው። መንገዱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ገበያ ያደርሳል። ከዚህም በቀር በወሎ አገር የእንጉዳይ ምግብ አንድ ልዩ ጥቅም አለው። እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቀዬ፤ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ተዋዶ በሚኖርበት በዚህ አገር፤ ሁለቱን በአንድ ገበታ የሚለየው ሥጋ ብቻ ነው፤ የእርድ ሥርዓታቸው የተለያየ ነውና። እንጉዳይ ግን አይታረድም፤ በጾምም ይበላል፤ ለሁለቱም የተፈቀደ ምግብ ነው። ሠርግም ሆነ ተዝካር፤ መውሊድም ሆነ ማኅበር ቢሆን፤ አንድ ወጥ ለሁሉ ይቀርባል። እንግዲህ ገበያ የለውም ተብሎ ሊናቅ የሚገባው ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጠላቱ እንመለስ። የእንጉዳይ ገበሬ ጭዱን አብስሎ፤ ዘሩን ቀላቅሎ፤ ከረጢቱን አስሮ ካሳደረ በኋላ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ነጭ ክር ሲዘረጋ አይቶ ይደሰታል። ከዚያም ነጩ በነጭነቱ ሲጸና ደኅና ነው። ነገር ግን በአንዳንዱ ከረጢት ላይ ነጩ ነገር በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ አመድማ አረንጓዴ ይለብሳል። ይህ አረንጓዴ ሻጋታ ትሪኮደርማ ይባላል። አረንጓዴው ነገር ዘሩ ነው፤ ከዱቄት የላመ ስለ ሆነ በነፋስ፤ በሠራተኛው እጅና ልብስ፤ በሚረጨው ውኃ፤ በትንንሽ ዝንቦችም እየተጫነ ከአንዱ ከረጢት ወደ ሌላው ይዛመታል። ሻጋታው ለእንጉዳዩ የተዘጋጀውን ምግብ ቀድሞ ይበላል፤ መርዝም እየረጨ የእንጉዳዩን ክር ያደክማል፤ አንዳንዱም ክሩን ጠምጥሞ ይበላዋል።

ይህ ጉዳት የእኛ ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአየርላንድ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በካናዳና በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ አገር የተነሣው አረንጓዴ ሻጋታ ብዙ የእንጉዳይ ቤቶችን ከፍ ያለ ኪሣራ ላይ ጥሏል። ከዚያም ወዲህ በደቡብ ኮሪያ ኦይስተር እንጉዳይን የሚያጠፉ ሁለት የትሪኮደርማ ዓይነቶች ተለይተው በ2006 ስም ወጥቶላቸዋል። ሀብት ያለው የውጭ አገር ገበሬ እንዲህ ከተጎዳ፤ በብድር ገንዘብ አንድ መቶ ከረጢት ያዘጋጀ የሐይቅ ወጣት ሠላሳው ቢሻግትበት ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም፤ የጠፋው ሠላሳ ከረጢት የዓመቱ ትርፍ ነውና። ብድሩ ይቀራል፤ ወጣቱ ተስፋ ይቈርጣል፤ ሕዝቡም ይህ ሥራ ለእኛ አገር አይሆንም ብሎ ይፈርድበታል።

ለዚህ ችግር ብዙ ጊዜ ሁለት መድኃኒቶች ይታሰባሉ፤ ሁለቱም በእኛ አሳብ የተሳሳቱ ናቸው።

አንደኛው በእህልና በአትክልት ላይ የሚረጨውን የሻጋታ ማጥፊያ መርዝ በእንጉዳይ ቤት መርጨት ነው። ይህን ለሚያስብ ሰው የምንመልሰው ቃል አጭር ነው፤ እንጉዳይ ራሱ የሻጋታ ወገን ነው። በስንዴ ላይ ሲረጩት ስንዴውን ትቶ ዋጉን የሚያጠፋ መድኃኒት፤ በእንጉዳይ ቤት ውስጥ ጠላትና ወዳጅን ለይቶ አያውቅም። በሌላ አገር አንዳንድ መድኃኒት በጥብቅ ልክ ተፈቅዶ ቢሠራበትም፤ ከረጢቱ ከተዘራ በኋላ እንጉዳዩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተለቅሞ ወደ ገበያ የሚሄድ ስለ ሆነ፤ መለኪያ በሌለው እጅ የተረጨ መርዝ ወደ በላተኛው ገበታ ይደርሳል።

ሁለተኛው ጭዱን አብዝቶ መቀቀል ነው። ሻጋታው በሙቀት ይሞታልና ብዙ ሰዓት ቢፈላ ፈጽሞ ይጠፋል ይባላል። ይህ አሳብ በፊት ለፊት ሲታይ እውነት ይመስላል፤ ቀርበው ሲመረምሩት ግን ጉድለቱ ይታያል። ለምን እንደ ሆነም ከቤታችን ምሳሌ ወስደን እናስረዳለን።

የወሎ እመቤት የጤፍ ሊጥ ስታቦካ ካለፈው ሊጥ ላይ የቀዳችውን እርሾ ትጨምርበታለች። በእርሾው ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ብዙ ሕያዋን አሉ፤ እነርሱም ሊጡን ቀድመው ይይዙታል፤ ያኮመጥጡታልም። ስለዚህ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ቢቀመጥ ይቦካል እንጂ አይሻግትም፤ ቤቱ ባለቤት አለውና። እንጀራው ከተጋገረ በኋላ ግን እነዚያ ጠባቂዎች በምጣዱ እሳት ያልቃሉ፤ እንጀራውም በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ይሻግታል። ሻጋታው የመጣው እሳቱ ስላነሰው አይደለም፤ ጠባቂው ከቤቱ ስለ ወጣ እንጂ። አብዝቶ የተቀቀለ ጭድም እንዲሁ ነው። ጠላቱም ከወዳጁም ብዙው አብረው ይሞታሉ፤ ከጭዱ ውስጥ ጣፋጩ ነገር ቀልጦ ይወጣል፤ ቤቱ ባዶና ምግብ የሞላበት ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ በነፋስ ቀድሞ የሚገባው ሁሉን የሚቀድመው ሻጋታ ነው። ከዚህም ሁሉ ጋር የሚባክነውን ማገዶ፤ የአምባሰልንም ተራሮች መራቈት አስቡ።

በጭዱ ውስጥ ያለው ጠባቂ ማን ነው ቢባል፤ ባክቴሪያ ከሚባሉት ረቂቅ ሕያዋን አንዱ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኤረንበርግ በ1835 አይቶ የገለጠው፤ ሌላው ሊቅ ፈርዲናንድ ኮን ደግሞ በ1872 ባሲለስ ሱብቲሊስ ብሎ የሰየመው ይህ ፍጥረት፤ በድርቆሽና በጭድ ውስጥ ስለሚገኝ በብዙ አገር ቋንቋ የድርቆሽ ባሲለስ ይባላል። ኮን በ1876 ባወጣው ጽሑፍ እንዳስረዳው፤ ይህ ባክቴሪያ ሲጨነቅ ጠንካራ ፍሬ አበጅቶ በውስጡ ይሸሸጋል፤ ፍሬውም የፈላ ውኃ እንኳ ሳይገድለው ይቈያል። ሙቀቱ መጠነኛ በሆነ ጊዜ ደግሞ ፍሬው ይነቃል፤ ጭዱ ሲበርድ በቅሎ ይባዛል።

ይህ ባክቴሪያ ሻጋታውን የሚከላከልበት መንገድ ሦስት ነው። ፊተኛው፤ ቦታውንና ምግቡን ቀድሞ መያዙ ነው። ሁለተኛው፤ በጭዱ ላይ ቀጭን ለምጽ መሰል ሽፋን እየሠራ መውጣትና መግባቱን መዝጋቱ ነው። ሦስተኛው፤ የሻጋታውን ክር ቆዳ የሚበሱ ቅመሞችን ማመንጨቱ ነው። ከእነዚህ ቅመሞች አንዱ ኢቱሪን ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ባክቴሪያው ከተገኘበት ከኮንጎ አገር ከኢቱሪ ነው። ለጥበቡ ቁልፍ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ከዚሁ ከአፍሪካ አፈር መገኘቱን ስናስብ፤ የእኛም አፈርና ጭድ ሊመረመር የሚገባው ሀብት መሆኑን እንረዳለን።

ይህ ነገር በወረቀት ላይ የቀረ አሳብ አይደለም። ከካሊፎርኒያ የኮክ ዛፍ አትክልት ሥፍራ አፈር የተገኘ፤ ኪው ኤስ ቲ 713 የሚል ምልክት የተሰጠው አንድ የባሲለስ ዝርያ ተባዝቶ ለገበያ ቀርቧል። ቀድሞ በሱብቲሊስ ስም ይጠራ የነበረው ይህ ዝርያ ዛሬ ባሲለስ ቬለዘንሲስ ከሚባለው ወገን ተመድቧል። የፈረንሳይ የእንጉዳይ ገበሬዎች አረንጓዴውን ሻጋታ ለመከላከል ዘር በሚዘሩበት ጊዜ ከማዳበሪያው ጋር ይቀላቅሉታል፤ በሰርቢያም ተፈትኗል። የፈረንሳይ ሊቃውንትም በማዳበሪያው ውስጥ እንዴት እንደሚኖርና ሻጋታውን እንዴት እንደሚገታው መርምረው ጽፈዋል።

በአገራችንም ባክቴሪያን የእርሻ ረዳት ማድረግ የተጀመረ ነገር ነው። ለባቄላ፤ ለሽምብራና ለምስር ከዘሩ ጋር የሚታሸው ራይዞቢየም የሚባለው ሕያው ማዳበሪያ በእኛው አገር እየተመረተ ለገበሬ ደርሷል። ገበሬው ጥቁር ዱቄት በዘሩ ላይ አሽቶ ሲዘራ፤ የሚዘራው ባክቴሪያ መሆኑን ተቀብሏል፤ ጥቅሙንም በሥሩ ላይ በሚታየው እባጭ አይቶታል። እንግዲህ በባቄላ የታመነው ነገር በእንጉዳይ ለመፈተን የሚያስፈራ አይደለም።

ይሁን እንጂ እኛ የምናቀርበው አሳብ ነገ ጠርሙሱን ገዝታችሁ አከፋፍሉ የሚል አይደለም። ከዚያ በፊት አራት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል።

የመጀመሪያው ይህ ነው። ባክቴሪያ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። በ1915 አሜሪካ ውስጥ ቶላስ የተባለ ሊቅ የገለጠው፤ በኋላም በእርሱ ስም ፕሴውዶሞናስ ቶላሲ የተባለው ባክቴሪያ፤ የእንጉዳዩን ቆብ ቡናማ አድርጎ የሚያበላሽ ነው፤ ውኃ በቆቡ ላይ ሲተኛ ይበዛል። በባሲለስ ወገን ውስጥም ቢሆን ምግብ የሚመርዝ አለ፤ ከብት አርቢው ሁሉ የሚፈራው የአባ ሰንጋ በሽታም የሚመጣው ከዚሁ ወገን በሆነ ባክቴሪያ ነው። በሌላው በኩል ደግሞ ጃፓኖች ናቶ የሚሉትን የአኩሪ አተር ምግብ የሚያበስሉት በድርቆሹ ባሲለስ ነው። ወገኑ አንድ ሆኖ ጠባዩ እንዲህ የተለያየ ስለ ሆነ፤ ማንም ሰው ጭድ በውኃ ዘፍዝፎ ያገኘውን ሁሉ ባክቴሪያ ነው ብሎ በምግብ ላይ እንዲረጭ መፍቀድ አይገባም። መለየትና ማባዛት የቤተ ሙከራ ሥራ ነው።

ሁለተኛው፤ ሻጋታን የሚገታ ባክቴሪያ እንጉዳዩንም ሊገታ ይችላል። አንዱ ዝርያ ትሪኮደርማን ሲያዳክም እንጉዳዩን አይነካም፤ ሌላው ሁለቱንም ያዳክማል። ስለዚህ በሌላ አገር በሌላ እንጉዳይ ላይ የሠራው ዝርያ፤ በእኛ አገር በኦይስተር እንጉዳይና በማሽላ አገዳ ላይ እንዴት እንደሚሆን ሳይፈተን መታመን የለበትም።

ሦስተኛው፤ ለእንጉዳይ ጠላት የሆነው ትሪኮደርማ ለሌላው አትክልት ወዳጅ መሆኑ ነው። የሥር አበስባሽ በሽታን ስለሚከላከል በአበባና በአትክልት እርሻ እንደ መድኃኒት ይሠራበታል። የግብርና ባለሙያ ጠዋት ይህን ዱቄት ለቲማቲም ገበሬ አድሎ፤ ከሰዓት በኋላ በዚያው ልብስና በዚያው እጅ ወደ እንጉዳይ ቤት ቢገባ፤ ሊረዳ የሄደውን ቤት አጥፍቶ ይመለሳል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ መጋዘን እንዳይቀመጡ፤ በአንድ ቀንም በአንድ ሰው እጅ እንዳይያዙ ከአሁኑ ማዘዝ ይገባል።

አራተኛው፤ ከውጭ የሚመጣ ሕያው መድኃኒት ሁሉ በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ሕግ መሠረት ተመዝግቦ መግባት ይገባዋል። ስሙ ባክቴሪያ ስለ ሆነ ብቻ ከሕግ ውጭ የሚሆን አይደለም። ነጋዴው ያለ ምዝገባ ቢያቀርብላችሁ፤ ወይም ሁሉን በሽታ ያድናል ቢላችሁ፤ መልሱት።

እንግዲህ መጀመሪያ ምን ይደረግ ቢባል፤ ያለ ጠርሙስ፤ ያለ ብዙ ወጪ ሊሠራ የሚችለው ነገር ሙቀቱን ማስተካከል ነው። ጭዱ በጥሩ ሁኔታ ደርቆና ከዝናም ተጠብቆ የቈየ፤ ሳይሻግት የተከማቸ ይሁን፤ ርዝመቱ ሦስት ወይም አራት ጣት ያህል ሆኖ ይከተከት። በበርሜል ውኃ ይሙቅ፤ ሙቀቱ ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ጭዱ ፈጽሞ ይጥለቅ፤ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል በዚያው ሙቀት ይቈይ። በዚህ ሙቀት የሻጋታው ክርና ዘር በብዛቱ ይሞታል፤ የጠቃሚው ባክቴሪያ ፍሬ ግን ተርፎ ይነቃል። ከዚያ ጭዱ በንጹሕ ወንፊት ላይ ተዘርግቶ ይጠንፍፍ፤ በእጅ ሲጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ሲወጣው ርጥበቱ ልክ ነው። ሲበርድ ሳይውል ሳያድር ይዘራ፤ ዘሩም በርከት ይበል፤ የእንጉዳዩ ክር ከረጢቱን ቶሎ በሞላ መጠን ለሻጋታው የሚቀር ቦታ ያንሳልና።

በዚህ ስፍራ ስለ ከፍታ አንድ ነገር እንጨምራለን። በባሕር ጠለል ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ በሐይቅ ከፍታ ግን በ94 ዲግሪ ገደማ፤ በደሴ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ስለዚህ በተከፈተ በርሜል የቱንም ያህል ሰዓት ቢፈላ ጭዱን ከሕያዋን ሁሉ ፈጽሞ ማጽዳት አይቻልም። ማገዶው ያልቃል እንጂ የታሰበው አይገኝም። መጠነኛውን ሙቀት ለክቶ መጠበቅ ግን አንድ የሙቀት መለኪያ ብቻ የሚሻ ነገር ነው። ማገዶ ጨርሶ ለቸገረው ደግሞ ጭዱን በኖራ ውኃ ከ12 እስከ 18 ሰዓት መዘፍዘፍ ሌላ መንገድ ነው፤ ትሪኮደርማ ኮምጣጣነትን ይወዳልና የኖራው ጠባይ ይገታዋል። የኖራው ውኃ ግን ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ሠራተኛው ጓንት ያድርግ።

ንጽሕናም ከሁሉ ይቀድማል። ባክቴሪያው ረዳት ነው እንጂ የሰነፍ ገበሬ ምትክ አይደለም። አረንጓዴ የታየበት ከረጢት ሳይከፈትና ሳይራገፍ በቀስታ ከቤት ይውጣ፤ ርቆም ይቀበር ወይም ይቃጠል። ሠራተኛው አስቀድሞ አዲሱን ክፍል፤ በመጨረሻ አሮጌውን ይጎብኝ። መስኮቱ ዝንብ የማያስገባ ወንፊት ይኑረው።

አሁን ከእናንተ ከሹማምንቱ የሚጠበቀውን እንናገር።

ፊተኛው ጉዳይ ጭዱ ነው። በወሎ ጭድና አገዳ የከብቱ ቀለብ ነው፤ ዝናም ባጠረበት ዓመትም ከእህሉ እኩል ይታያል። የወጣቶቹ ማኅበር ለእንጉዳይ ብሎ የከብቱን ቀለብ በገንዘብ ቢሻማ ጠብ ይነሣል፤ ጠቡም ወደ እናንተ ይመጣል። ስለዚህ ከብት የሚተወው ወፍራሙ አገዳ ለዚህ ሥራ እንዲውል ምከሩ፤ ባለይዞታውም ትርፉን አገዳ ለማኅበሩ በተወሰነ ዋጋ እንዲሰጥ አስማሙ። እንጉዳዩ ከተለቀመ በኋላ ያልሻገተው ተረፈ ጭድ ወደ ባለይዞታው ማሳ በማዳበሪያነት ቢመለስ ሁለቱም ይጠቀማሉ። አረንጓዴ የለበሰው ግን ለከብት አይሰጥ።

ሁለተኛው የባሕሩ ነገር ነው። የሐይቅ ባሕር ውኃው በወንዝ የሚወጣበት በር የለውም፤ የገባበት ነገር በውስጡ ይቀራል። የእንጉዳይ ቤት የኖራ ውኃና ያረጀ ከረጢት ወደ ባሕሩ ወይም ወደ ገባሮቹ እንዳይጣል ከመጀመሪያው ቀን ወስኑ፤ ሥራው ከበዛ በኋላ መከልከል ይቸግራል።

ሦስተኛው ፈተናው ነው። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከእናንተ ሩቅ አይደሉም። ከሐይቅና ከአምባሰል ጭድ ጠቃሚውን ባሲለስ ለይተው፤ በአገራችን ሻጋታና በአገራችን እንጉዳይ ላይ እንዲፈትኑት በጽሑፍ ጠይቁ፤ የሚቻላችሁንም ቤትና ጭድ ስጡ። እስከዚያው ድረስ አንዱ ማኅበር በግብርና ባለሙያ እየተረዳ ቀላሉን ፈተና ሊያደርግ ይችላል። ሠላሳ ከረጢት በመጠነኛ ሙቀት በተዘጋጀ ጭድ፤ ሠላሳ ከረጢት አብዝቶ በተቀቀለ ጭድ፤ የተመዘገበ ባክቴሪያ ከተገኘም ሠላሳ ከረጢት ባክቴሪያ በተጨመረበት ጭድ፤ በአንድ ዓይነት ዘር፤ በአንድ ቀን፤ በአንድ ቤት ውስጥ ይዘሩ። አረንጓዴ የለበሰው በየሳምንቱ ይቈጠር፤ የተለቀመው ይመዘን፤ የነደደው ማገዶ ይጻፍ። ይህ መዝገብ ከብዙ ንግግር ይሻላል፤ ለሚቀጥለውም ማኅበር መምህር ይሆናል።

አራተኛው የዘሩ ነገር ነው። ዘሩ ከሩቅ አገር በሙቀትና በእንግልት ሲመጣ ይደክማል፤ የደከመ ዘር ደግሞ ለሻጋታው ቦታ ይለቅቃል። በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ንጹሕ ዘር የሚያዘጋጅ አንድ ትንሽ ቤተ ሙከራ ቢቋቋም፤ በየወረዳው ብዙ ጠርሙስ ከመግዛት የበለጠ ጥቅም ይሰጣል። ለባጀት የተመደበ ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ በዘርና በሙቀት መለኪያ ላይ አውሉት፤ በባክቴሪያው ላይ ማውጣት የሚገባው ፈተናው ካስረዳ በኋላ ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ አንብቦ፤ ለአንድ ለማይረባ እንጉዳይ ይህ ሁሉ ድካም ምንድን ነው ይል ይሆናል። እኛ ግን ነገሩ ከእንጉዳይ የሚበልጥ ይመስለናል። ገበሬያችን ጠላትን ሁሉ በመርዝና በእሳት ማጥፋት ብቸኛው መንገድ ነው ብሎ ከተማረ፤ መርዙን በሽንኩርቱና በቲማቲሙ ላይም ያበዛዋል፤ እሳቱንም ከተራራው ዛፍ ያመጣዋል። በእንጉዳይ ቤት ግን ሌላ ትምህርት ይማራል፤ ይኸውም ወዳጁን ከጠላቱ መለየት፤ ለወዳጁ ቦታ መተው፤ ልክን መለካትና መጻፍ ነው። አንዲት ትንሽ ክፍል ቤት ይህን ካስተማረች፤ ትምህርቱ ወደ ማሳውም ይወጣል።

ስለዚህ ክቡራን ሹማምንትና ባለይዞታዎች ሆይ፤ በመጪው መኸር ጭዱና አገዳው ሳይበተን በየወረዳችሁ አንድ የፈተና ቤት ብታቆሙ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የራሳችሁ ቁጥር በእጃችሁ ይኖራል። ያን ጊዜ ስለ ባክቴሪያው የምትወስኑት ነጋዴው በነገራችሁ ቃል ሳይሆን በራሳችሁ አገር ጭድ በታየው ማስረጃ ይሆናል።